ቤታችን ጎማ ሊያወጣ ነው

ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ሲገባ፣ ሦስት ልጆቻችንን ይዘን አይሱዙ ቅጥቅጥ ውስጥ መኖር እንጀምራለን። የሳምንት ሽርሽር አይደለም፤ እስከ ሰኔ ድረስ ነው። እዚህ ቡታጅራ ይህን የሰማ ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ «በሰላም ነው?» ይላል፤ በመጨረሻ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጆቹስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህን የምጽፍላችሁ ስለ ሦስተኛው ጥያቄ ነው። ላለፉት ስምንት ወራት ቤታችን ውስጥ የተሠራው ሥራ ሁሉ እሱን ለመመለስ የተሠራ ነውና።

ባለቤቴ የመንገድ ቀያሽ ነው፤ በሥራ ቦታው አጠራር ሰርቬየር። የመንገድ ሠራተኛ ቤቱ ካምፕ ነው፦ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ፣ የኮንቴይነር መኝታ ክፍሎች፣ የጋራ ምግብ ቤት፣ ጄኔሬተር፣ የውሃ ቦቴ። ሥራው ሲያልቅ ካምፑ ይነቀላል፣ ሌላ ቦታ ይተከላል። እሱ በየሁለት ወሩ ለአምስት ቀን ይመጣል። ከእናንተ መካከል ይህን ኑሮ የምታውቁት ብዙ ናችሁ። የረጅም ርቀት ሾፌር ያገባችሁ፣ ባለቤታችሁ ግድብ ወይም ፋብሪካ ግንባታ ላይ ያለ፣ እናታቸው ዓረብ አገር የሄደችባቸውን ልጆች የምታሳድጉ፣ የትኛው ጎን እንደሚያምም አልነግራችሁም።

ትንሿ ልጃችን 2 ዓመት ከ4 ወሯ ነው። ስልክ ሲጠራ «አባባ!» ትላለች፤ አባባ በር ላይ ሲቆም ግን ቀሚሴ ሥር ትደበቃለች። የ7 ዓመቱ ልጃችን አባቱን አንቱ ይላል። እኛ አላስተማርነውም፤ የ11 ዓመቷ እህቱ አንተ ብላ ነው ያደገችው። እሱ ግን አባቱን የሚያስተናግደው እንደ እንግዳ ነው፤ ውሃ ያቀርብለታል፣ የተሻለውን ወንበር ይለቅለታል። ባለፈው ፋሲካ አባቱ ሊሄድ ሲነሣ በር ድረስ ሸኝቶ «በሰላም ይግቡ» አለው። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ከገባ በኋላ ሞተሩን ሳያስነሣ ብዙ ቆየ። ማታ ሲደውል «የሰውን ቤት ከሰው ቤት አገናኛለሁ፤ የራሴን ግን ማገናኘት አቃተኝ» አለኝ።

አባባሉ የከበደኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከዓለምገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል ወደ ወላይታ ሶዶ የሚወርደው መንገድ እንዲሠራ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን አዲስ አበባ የነበሩ የአካባቢው ተወላጆች ማኅበር አቋቁመው ገንዘብ አዋጥተዋል። ከተማ ገብቶ የሚነግደው ከአገሩ ጋር እንዳይቆራረጥ መንገድ ያስፈልገው ነበርና። እኛ አካባቢ መንገድ ማለት ዘመድ ማለት ነው። ያ መንገድ ነው አሁን ቤተሰባችንን ይዞ ወደ አርባ ምንጭ አቅጣጫ የሚወርደው።

ምሰሶ የሌለው ቤት

ሌሎች መንገዶችን አስበናል። ሥራውን ይልቀቅ ብንል ደመወዙ ነው ቤቱን የያዘው። ካምፑ አጠገብ ባለው ከተማ ቤት እንከራይ ብንል፣ ካምፑ በተነሣ ቁጥር ቡፌና አልጋ ጭኖ መዞር ነው፤ ከተማውም ከካምፑ ሊርቅ ይችላል። ስለዚህ በከተማ አገልግሎት ያረጀ፣ ሞተሩ ግን ደኅና የሆነ ቅጥቅጥ ገዛን። ወንበሮቹን አስነቀልን። የቀረው ርዝመቱ 5 ሜትር ከግማሽ፣ ወርዱ 2 ሜትር የሆነ ክፍል ነው። በየደረስንበት የሚቆመው በካምፑ አጥር ውስጥ ነው፤ ጥበቃ፣ ውሃና ሽንት ቤት እዚያ አለ። ፈቃዱንም በደብዳቤ ተቀብለናል።

አማቴ ነገሩን የሰሙ ዕለት ዝም ብለው ቆዩና «ምሰሶ የሌለው ቤት ምን ቤት ይባላል?» አሉኝ። የጉራጌን ባህላዊ ጎጆ የምታውቁ ይህ ተራ ጥያቄ እንዳልሆነ ይገባችኋል። ያን ትልቅ ጣሪያ የሚሸከመው መካከል ላይ የቆመው ምሰሶ ነው። ለእሳቸው መልስ ፍለጋ ነው ዝግጅታችን መልክ የያዘው።

ከዚያ በኋላ በመንገድ ላይ ልጅ ስላሳደጉ ሰዎች ማንበብና መጠየቅ ጀመርኩ። እንደ ሄርማንና ካንዴላሪያ ዛፕ ያሉ የአርጀንቲና ባልና ሚስት አሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 በ1928 ሞዴል ግራሃም ፔጅ መኪና አላስካ ደርሰን በስድስት ወር እንመለሳለን ብለው ወጡ፤ የተመለሱት በ2022 ነው። ከ100 በላይ አገሮችን ሲያዳርሱ አራት ልጆች ወልደዋል። ታሪኩ ያስደንቃል፤ ለእኔ ግን የበለጠ የጠቀመኝ የቅርቡ የአፋር እናቶች ኑሮ ነው። የአፋር አርብቶ አደር ቤት የታጠፉ እንጨቶችና በላያቸው የሚዘረጉ ከዘንባባ የተሠሩ ሰሌኖች ነው። የሚተክሉትም የሚያነሱትም ሴቶች ናቸው። ቤቱ ተነቅሎ በግመል ይጫናል፤ አዲሱ ቦታ ላይ እንደገና ይቆማል። ቦታው ይለወጣል እንጂ ልጁ የሚተኛበት ሰሌን፣ እሳቱን የምታነድደው እናት፣ ወተቱ የሚታለብበት ሰዓት ያው ነው።

መልሱ ይህ ነበር። ከግድግዳው ጋር የማይፈርሱትን ነገሮች አስቀድሞ መምረጥ። ቡፌው ከመሸጡ በፊት እኔና ባለቤቴ ከልጆቹ ጋር ተቀምጠን ምሰሶዎቻችንን በደብተር ጻፍን። አራት ሆኑ፦

አንደኛ፣ እራት ከአንድ ትሪ፣ አምስታችንም በተገኘንበት። ካምፑ ሩጫ ቢሆንም ባለቤቴ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የቤቱ ነው።

ሁለተኛ፣ ትንንሾቹ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይተኛሉ። የሚያስተኛቸው አባታቸው ነው።

ሦስተኛ፣ እሑድ ከሰዓት ቡና ይፈላል፤ በዚያው ሰዓት ለአያት ይደወላል።

አራተኛው የትልቋ ልጄ ነው። በቀን አንድ ሰዓት መጋረጃዋን ዘግታ ማንም የማይጠራት።

እናንተም ቤት የምትቀይሩ፣ ወደ ሌላ ከተማ የምትዛወሩ ከሆነ ዕቃ ከማሸጋችሁ በፊት ይህን ሞክሩ። ልጆቻችሁ የሚመርጡት እናንተ ከምትገምቱት የተለየ ይሆናል። ወንዱ ልጄ ቴሌቪዥን ይላል ብዬ ስጠብቅ የራሱ የውሃ ኩባያ እንዳይቀየርበት ብቻ ለመነ።

ውሃ ይመዘናል

ስለ ዕቃ ብዙ አልላችሁም። ሁለት ሳጥን ልብስ፣ ሁለት ድስት፣ አንድ መጥበሻ፣ አንድ ጀበና ከነሲኒው፣ መጻሕፍት። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የጫማ ካርቶን ሰጠሁ። በካርቶኑ ውስጥ የሚገባውን የሚወስነው ባለቤቱ ነው፤ ወላጅ ከፍቶ «ይህ ምን ይሠራል?» ማለት አይፈቀድለትም።

የበለጠ ያስጨነቀን ውሃ ነው። በሐምሌ አንድ ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ በጀሪካን ለክተን ተጠቀምን። ተጠንቅቀን፣ ልብስ ሳናጥብ፣ አምስታችን በቀን አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ማለትም 100 ሊትር ጨረስን። በዚህ ሒሳብ 500 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለአምስት ቀን ይበቃናል። ነገር ግን አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ 500 ሊትር ግማሽ ቶን ይሆናል። ይህን ጣሪያ ላይ ጭኖ ጠመዝማዛ ቁልቁለት መውረድ ለአደጋ መጋበዝ ነው። ስለዚህ ሮቶው ካምፕ ስንደርስ መሬት ላይ የሚቀመጥ ሆነ። በጉዞ ላይ ሦስት ጀሪካን ብቻ፣ ወለሉ ላይ ታስረው ይሄዳሉ። የሚጠጣውን እናፈላለን፤ ማፍላት በማይቻልበት ቀን ውሃ አጋር እንጨምራለን።

እሳትን በተመለከተ አንድ ሕግ አለን፤ ከሰል ወደ መኪናው አይገባም። ለማሞቅም ቢሆን፣ ለቡናም ቢሆን፣ ተቀጣጥሎ አመድ ቢለብስም አይገባም። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ይህ መኪና ውስጥ ለምንኖረው ብቻ ሳይሆን በብርድ ምድጃ ይዞ ለሚተኛ ሁሉ ነው። ወጥ ቤታችን በመኪናው ጎን የሚዘረጋ ሸራ ሥር ነው፤ የቡታ ጋዙ ሲሊንደርም የሚያድረው ውጭ ነው።

ስንቁን አማቴ ወስደውታል። «ምሰሶውን ካገኛችሁ ስንቁ የእኔ ነው» ብለውኛል። በሶ፣ ሽሮ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ ንጥር ቅቤ፣ የዓመት በርበሬ። ከሁሉም በላይ ግን ቆጮ። በደንብ የተብላላ ቆጮ ማቀዝቀዣ አይፈልግም፤ ለረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከወረቀቶቹም አንድ ልንገራችሁ። የመኪናውን ውስጥ ከመንካታችሁ በፊት ሊብሬው ላይ የተጻፈው አገልግሎት ይለወጥ እንደሆነ የአካባቢያችሁን ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ቦሎ፣ ዓመታዊ ምርመራ፣ የሦስተኛ ወገን መድን፣ ለዚህ ዓይነት መኪና የሚሆን መንጃ ፈቃድ፣ ሁሉም ከአናጢው በፊት ይቀድማሉ። እኛ አናጢ የጠራነው ወረቀቱ ካለቀ በኋላ ነው።

ትምህርት ቤቱ

መምህርት ነኝ፤ ለዚህ ዓመት ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስጃለሁ። ብዙ ሰው «ታዲያ አንቺ ታስተምሪያቸዋለሽ» ይለኛል። አላስተምራቸውም፤ አስጠናቸዋለሁ። ልጅ ትምህርት ቤት የሚሄደው ለሒሳብ ብቻ አይደለም። የሚጣላው፣ የሚታረቀው፣ ምሳውን የሚካፈለው እኩያ ያስፈልገዋል።

ካምፑ እስከ ጥር መጨረሻ ጋሞ ዞን ቆላ ውስጥ ነው፤ ከየካቲት ጀምሮ ወደሚቀጥለው ቦታ ይሄዳል። የእኛን ጉዞ ከሴሚስተሩ ጋር ማስገጣጠም የቻልነው ባለቤቴ ይህን ጉዳይ በሚያዝያ ስላነሣው ነው። ትምህርት ከተጀመረ በኋላ ብንጠይቅ አይሆንም ነበር። ለሁለቱም ልጆች የውጤት ካርድ፣ መሸኛ ደብዳቤና የልደት የምስክር ወረቀት ከነኮፒው አዘጋጅተን በአንድ የፕላስቲክ ፋይል አድርገናል።

ያላሰብነው ጥያቄ የቋንቋው ነበር። አገራችን ውስጥ በታችኛው የክፍል ደረጃ ልጆች የሚማሩት በአካባቢው ቋንቋ ነው። ቡታጅራ በአማርኛ የተማረ የ2ኛ ክፍል ልጅ ወደ ሌላ አካባቢ ሲዛወር በማያውቀው ቋንቋ የሚሰጥ ክፍል ሊገጥመው ይችላል። ስለዚህ ቦታ ከመምረጣችሁ በፊት «ትምህርት ቤት አለ?» ብቻ ሳይሆን «በምን ቋንቋ ነው የሚያስተምረው?» ብላችሁ ጠይቁ። ለእኛ በአቅራቢያው ባለው ከተማ የአማርኛ ክፍል ተገኝቶ ቦታ ተይዞልናል። ወንዱ ልጄ ደግሞ የጋሞኛ ሰላምታ ከአባቱ የሥራ ባልደረባ በስልክ እየተማረ ነው፤ ይህን ራሱ ፈልጎ ነው የጀመረው።

ትልቋ ግን መሄድ አልፈለገችም። ይህን ማስዋብ አልፈልግም። የቅርብ ጓደኛዋ እዚህ ናት፤ የመረብ ኳስ ቡድኗ እዚህ ነው። ዘንድሮ 5ኛ ክፍል ናት፤ በሚቀጥለው ዓመት የ6ኛ ክፍል ፈተና አለባት። ሳምንት ሙሉ ካኮረፈች በኋላ አባቷ ቃል ገባላት። 6ኛ ክፍልን የምትማረው ቡታጅራ ነው፤ የካምፑ ሥራ ቢያልቅም ባያልቅም። ቃሉ በደብተሩ ላይ ተጽፎ ተፈርሟል። ጓደኛዋም ለገና ዕረፍት መጥታ ከእኛ ጋር እንድትቆይ ከወላጆቿ ጋር ተስማምተናል። አሁንም ደስ ብሏት እየሄደች አይደለም። እየሄደች ያለችው አምናን ነው፤ ይህ ደግሞ ለእኛ ከደስታዋ የከበደ ዕዳ ነው።

ትኩሳት ከተነሣ

ቡታጅራ ደጋና ወይና ደጋ አጠገብ ለአጠገብ ያለበት አገር ነው። የምንሄድበት ቆላ ነው። በአገራችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በታች ያለው አብዛኛው ቦታ ወባ ያለበት ነው ይባላል። ስለዚህ አናጢው አልጋዎቹን ሲሠራ በመጀመሪያ የለካው ፍራሹን ሳይሆን አጎበሩን ነው፤ ከላይም ከታችም አልጋ ተሰቅሎ ጫፉ ፍራሽ ሥር የሚገባ መሆን አለበት። መስኮቶቹም ወንፊት ተገጥሞላቸዋል። ትኩሳት ያየነው ልጅ በዚያው ቀን ደሙ ይመረመራል፤ «ነገ እናየዋለን» የሚባል ነገር የለም። የካምፑን ክሊኒክ፣ በቅርብ ያለውን ጤና ኬላና ሆስፒታል ስልክና ርቀት በሩ ላይ ለጥፈናል።

የትንሿ የክትባት ካርድ ፋይሉ ውስጥ ገብቷል። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር እንደሚሰጥ ታውቃላችሁ። በመንገድ ላይ የሚኖር ልጅ በቀላሉ የሚያመልጠው ሁለተኛው ስለሆነ ከመነሣታችን በፊት ጤና ጣቢያ ሄጄ አረጋግጫለሁ። የተቅማጥ ንጥረ ነገር የሆነው ኦ.አር.ኤስና ዚንክም ተይዟል።

ጉዞውን ለሁለት ቀን ከፍለነዋል፤ ሶዶ እናድራለን፤ ከመሸ አንነዳም። ከመነሣታችን ሦስት ቀን በፊት ባለቤቴ የመንገዱንና የአካባቢውን ሰላም ከካምፑ ያረጋግጣል። ጥርጣሬ ካለ እንቆያለን። ቤታችን ጎማ ስላለው ብቻ መንቀሳቀስ ግዴታው አይደለም።

አምስት የጳጉሜን ሌሊቶች

ሁሉም ከተዘጋጀ በኋላ መኪናውን ግቢያችን ውስጥ አቁመን የጳጉሜንን አምስት ሌሊት አደርንበት። ወደ ቤት መግባት ክልክል ነበር። ዝናቡ አልማረንም። በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ሲወርድ ትንሿ ሁለት ሌሊት እያለቀሰች ነቃች፤ በሦስተኛው ቀን ከጣሪያው ሥር ስፖንጅ አስገብተን በኮምፔንሳቶ ለበጥነው። የጭቃ ጫማ የሚቀመጥበት እንደሌለ ያወቅነውም ያኔ ነው፤ በደረጃው ሥር የብረት ሳጥን ተበየደ። ወንዱ ልጄ የላይኛው አልጋ ላይ ሆኖ «አባባ ያንኮራፋል» ብሎ ሳቀ። የአባቱን ማንኮራፋት ከዚያ በፊት ሰምቶ አያውቅም።

ሙከራው አንድ ነገር ለወላጆችም አስተማረን። ባልና ሚስት በ11 ካሬ ሜትር ውስጥ የሚጨቃጨቁበት ቦታ የላቸውም። ልጆቹ ሁሉን ይሰማሉ። እኔና ባለቤቴ ለብዙ ዓመት በስልክ ነው የተነጋገርነው፤ ስልክ ይዘጋል። አሁን ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሸራው ሥር ወንበር አውጥተን ግማሽ ሰዓት እንቀመጣለን። አራቱ ምሰሶዎች በዚህ አምስት ሆኑ።

የመመለሻው በር

ለጥንቃቄ ካደረግነው ሁሉ አንዱን ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይህን እላለሁ፤ መመለሻችሁን አትሽጡ። ሙሉ ቤቱን አላከራየንም። ሰርቪሱንና ሳሎኑን አከራይተን አንድ ክፍል ከነአልጋዎቹ ቆልፈን ይዘናል። ኪራዩ የቀረ ደመወዜን ሙሉ በሙሉ አይተካም፤ ልዩነቱን ከቁጠባችን ለማውጣት ቆርጠናል። ነገር ግን ነገ አንድ ልጅ ቢታመም፣ የአንዱ ውጤት ቢያሽቆለቁል፣ አካባቢው ሰላም ቢያጣ፣ በሁለት ቀን ውስጥ አልጋችን ላይ ነን። እነዚህ ሦስቱ ከተፈጠሩ ክርክር የለም፤ ይህም በደብተሩ ላይ አለ።

ዕድራችንም አይቋረጥም። ወርኃዊውን የባለቤቴ እህት ትከፍላለች፤ ለቅሶ ሲደርስ በእኛ ቦታ ድንኳን የሚተክል ሰው ለዳኛው በስም አሳውቀናል። መንገደኛ ሰው ሲሞትም ሲያዝንም የሚቀበለው ሰፈር ያስፈልገዋል።

ከእናንተ መካከል ቅጥቅጥ የሚገዛ ብዙ አይኖርም፤ ግዙም አልላችሁም። ገና የሚጠባ ሕፃን ወይም ክትትል የሚፈልግ ሕመም ያለበት ልጅ ካላችሁ፣ ወይም የሥራ ቦታው በቂ ጥበቃ ከሌለው፣ እኔ ራሴ አትሞክሩት እላችኋለሁ። ግን ቤተሰባችሁ በሥራ ምክንያት በሁለት ቦታ የሚኖር ከሆነ፣ አንድ ማታ ደብተር አውጥታችሁ ከልጆቻችሁ ጋር ምሰሶዎቻችሁን ጻፉ። የትኛው ቆሟል? የትኛው ዘሟል? አንዳንዱን ለማቃናት መኪና አያስፈልግም፤ የሥራ ፈረቃ መቀየር፣ በክረምት ዕረፍት አንድ ወር አብሮ ካምፕ ማሳለፍ ሊበቃ ይችላል።

እኛ ጋ አሁን የቀረው ሥራ ጥቂት ነው። የኋላው ሁለት ጎማ ይቀየራል፤ ቆጮው ይታሸጋል። ትልቋ ልጄ የአዲሱን ትምህርት ቤት ፎርም ስትሞላ «የቤት ቁጥር» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ትንሽ አሰበችና የሰሌዳ ቁጥሩን ጻፈች።